የ15 ወሩ ክትባት

ትልቋ ልጄ በ2009 ዓ.ም. ስትወለድ መደበኛው ክትባት የሚያልቀው በ9 ወር ነበር። የኩፍኙን ተከተበች፣ ካርዷን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ታናሽ ወንድሟን በ9 ወሩ ሳስከትብ ሲስተሯ «በ15 ወሩ ደግሞ ትመጫለሽ» ስትለኝ የተሳሳተች መሰለኝ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው ለካ። በ9 ወራቸው ከሚከተቡ 100 ልጆች የሚከላከልላቸው ለ85 ያህሉ ነው፤ ሁለተኛው የቀሩትን ለማዳረስ ነው አለችኝ። ሰፈራችን ዛሬም «የኔ ልጅ በ9 ወሩ ጨርሷል» የሚሉ እናቶች አሉ። ባገኘኋቸው ቁጥር እነግራቸዋለሁ።

15 ወር ሲሞላው ጉንፋን ያዘው። «እያሳለው እንዴት ይወጋል» ብዬ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። ተሳስቼ ነበር። ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ቀኑ ያለፈበት ልጅም ቶሎ ሄዶ ይከተባል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም።

በመጀመሪያው ቀን ሳይከተብ ተመለስን። ከሥራ አስፈቅጄ፣ በሁለት ታክሲ ሄጄ፣ «ዛሬ የኩፍኝ ቀን አይደለም» ተባልኩ። በጣም ተናደድኩ። ምክንያቱን ስሰማ ግን ገባኝ። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጆች የሚሆን ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ልጆቹን በአንድ ቀን ይሰበስባሉ። ቀድመው ቢነግሩኝ ግን ጥሩ ነበር። አሁን ከቤት ሳልወጣ «የኩፍኝ ቀናችሁ መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

በዚያ ቀን ከመመላለሱ በላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ልጄ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሲያይ ገና በሩ ላይ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ጮኸ። የ15 ወር ልጅ እንደ ሕፃንነቱ አይደለም፤ የምንለውን ይሰማል። እኛ ቤት ደግሞ አልበላም ሲል «መርፌ አስወጋሃለሁ!» ይባል ነበር። እኔም ብያለሁ፣ አያቱም ብለዋል። ከበሽታ የሚጠብቀውን ነገር ቅጣት ነው ብለን አስተምረነዋል።

እስከ ቀጠሮው አንድ ሳምንት ነበረን። ማስፈራሪያው እንዲቆም ለመንኩ። አማቴ መጀመሪያ «ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲህ እያልኩ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ሲታመም የምንወስደው ወደ እነሱ ነው። እየፈራቸው እንዴት ይታከማል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሲያስፈራራው የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ። እኔ ደግሞ በአሻንጉሊቱ ክንድ ላይ ማንኪያ እያስነካሁ «ቁንጥጥ አደረገችው፣ አለቀ!» እያልኩ አጫወትኩት። «አይወጉህም» ብዬ አልዋሸሁትም።

በቀጠሮው ቀን ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሹራብ አለበስኩት፤ መርፌው ግራ ክንድ ላይ ስለሆነ ጠባብ እጅጌ ያስቸግራል። መጀመሪያ ተመዘነ፣ 10 ኪሎ ከ200። ክንዱን በመለኪያው ሲለኩት አረንጓዴው ላይ አረፈ፤ በምግብ እጥረት አልተጎዳም ማለት ነው፣ ደስ አለኝ። የቀዩን የቫይታሚን ኤ እንክብል ጫፍ ቆርጠው አፉ ውስጥ ጨመቁለት። ከዚያ ደረቱን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እግሮቹን በወገቤ ዙሪያ አሳልፌ አቀፍኩት። ቀኝ እጁን በብብቴ ስር ያዝኩት። ሲወጋ አለቀሰ፣ ማልቀሱም አይቀርም። ወዲያው ጡት ሰጠሁት፣ ዝም አለ። ግማሽ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆይተን ወደ ቤት ሄድን።

ሲስተሯ የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት የሚመጣው ሳምንት ያህል ቆይቶ ሊሆን እንደሚችል ነግራኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን ማታ አተኮሰው። ባትነግረኝ ኖሮ ከክትባቱ ጋር አላገናኘውም ነበር። ባለቤቴ ካርዱን ይዞ ፋርማሲ ሄደ፤ ክብደቱ እዚያ ላይ ስለተጻፈ የፓራሲታሞል ሽሮፑን መጠን በኪሎው ልክ ነገሩት። በማግስቱ ማታ በረደለት።

ቀጣዩ ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር በኋላ ነው። ካርዱ አሁን መሳቢያ ውስጥ አይደለም፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል።