አራት ሰው፣ 16 ክር

ትናንት ማታ ጓደኛዬ «ኮንሰርት ልውሰድሽ» ስትለኝ ሐበሻ ዘፋኝ የመጣ መስሎኝ ታኮ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ለካ እዚሁ ዋሽንግተን፣ አንድ ቤተክርስቲያን ውስጥ የስትሪንግ ኳርቴት ልታሳየኝ ኖሯል! ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ተለቅ ያለ ቫዮሊን በሉት)፣ አንድ ቼሎ (ቁጭ ብለው በጉልበት መሀል የሚይዙት ትልቁ)፣ እያንዳንዳቸው ባለ አራት ክር። በቃ። ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ። ዙሪያውን ሻማ በሻማ ነው (ጠጋ ብዬ ሳየው በባትሪ የሚሠራ፣ ትንሽ ቅር አለኝ)።

መጀመሪያ የኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሃይድንን ሥራ ተጫወቱ። ሰውየው ለእነዚህ አራት መሣሪያዎች ብቻ ከ60 በላይ ሥራ ጽፎ ነው በ1809 የሞተው። ያምራል። ግን አልዋሽም፣ መሀል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኛል።

ከዚያ ቼሎ ተጫዋቿ ደጋኗን አስቀምጣ ክሩን በጣቷ መምታት ጀመረች። ዱም፣ ዱም። ቤዝ ጊታር ሆነላችሁ! ቪዮላው ደግሞ ደጋኑን ክሩ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ የከበሮውን ቦታ ያዘ። ቫዮሊኗ ዜማውን ስታነሳ ክው አልኩ። ልጄ መኪና ውስጥ ጠዋት ማታ የምታስጮኸው፣ «ኧረ ቀንሺው!» የምላት ዘፈን ነው። ያለ ግጥሙ ስሰማው ለካ እንዲህ የሚያሳዝን ዜማ አለው። አጠገቤ የተቀመጡ ትልቅ ሴትዮ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ግጥሙን ይሞሉ ነበር።

ሲያልቅ ወደ መድረኩ ጠጋ ብዬ ደጋኑን አየሁት። ሁለት ሦስት ጭራ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። የፈረስ ጭራ ነው፣ ልክ እንደ ማሲንቆ። የኛ አዝማሪ ግን ይሄን ሁሉ በአንድ ክር ነው የሚጫወተው፤ ለጓደኛዬም ደጋግሜ ነገርኳት።

ታኮው ግን እግሬን ጨርሶታል።