ለትል ብለሽ ነው ባሕር የተሻገርሽው?

"ታይዋን ምን ትሠሪያለሽ?" ለሚለኝ ሰው መልስ ማለሳለስ ትቻለሁ። ትል ነው የማጠናው። የመሬት ትል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ አስፋልት ላይ ወጥቶ የሚተራመሰውን ማለቴ ነው።

አሁን ለእረፍት መጥቼ አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ነኝ። ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤቱ ይሰበሰብና ወሬው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ይመጣል። ባለፈው አንዷ እትዬ ዕጣን እየጨመሩ "ውይ በሞትኩት! ለትል ብለሽ ነው እናትሽን ጥለሽ ባሕር የተሻገርሽው?" አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ግን ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እስቲ ልመልሰው።

ታይዋን ትንሽ ደሴት ናት፣ 36 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። እኛ አገር ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ትገባለች። ትሮፒክ ኦፍ ካንሰር የሚባለው የካርታ መስመር መሃሏን ስለሚቆርጣት ቆላው ወበቅ ነው፣ ዩሻን ተራራ ግን 3,952 ሜትር ይደርሳልና እዚያ ብርዱ አይጣል። ደሴቷ ሁለት የመሬት ንጣፎች ሲጋጩ ከባሕር የወጣች ናት። ተራራው ከፍ ባለ ቁጥር ትሉ ተለያየ። ትል ክንፍ የለው፣ ጋራ አያቋርጥ። እዚህ ሸለቆ የቀረው እዚሁ ይዋለዳል፣ ማዶ ያለውም እዚያው፣ ዘመናት ሲያልፉ ሌላ ዝርያ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ችግሩ ከላይ ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ መሆናቸው ነው። እኔ የምሠራባቸው ሜጋስኮሌሲዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው፣ በተለይ አሚንታስ እና ሜታፊሬ የሚባሉት ወገኖች። ማይክሮስኮፕ ሥር አጋድሜ ከአፉ ጀምሬ ቀለበቶቹን በመርፌ እየነካሁ እቆጥራለሁ። 14ኛው፣ 15ኛውና 16ኛው ላይ መቀነት የመሰለ ወፈር ያለ ቆዳ አለ፣ ክላይቴለም ይባላል። እሱ ከሌለው ገና ልጅ ነው፣ በመልኩ ብቻ ዝርያውን መለየት ከባድ ነው። 18ኛው ላይ የወንዴ ቀዳዳዎች አሉ። ከፊት በኩል ደግሞ ከሌላው የተቀበለውን ዘር የሚያስቀምጥባቸው ከረጢቶች ቀዳዳ አለ፣ ስንት ጥንድ እንደሆነና በየትኞቹ ቀለበቶች መሃል እንደሚገኝ ማየት ነው። (አዎ፣ እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው። ይሄን ቡና ላይ አላነሳሁትም፣ እትዬ ይጨርሱኝ ነበር።) በዚህ መሃል ስልክ ከጠራ ቆጠራው እንደገና ከአፍ ይጀመራል።

አንዳንዶቹ ጭራሽ ያለ ጓደኛ ብቻቸውን ይባዛሉ። እነሱ ላይ ከረጢቱም ቀዳዳውም ሊጠፋ ይችላል፣ መለያው ራሱ የለም ማለት ነው። ያኔ ዘረመል ይታያል። ፎርማሊን ገላውን አሳምሮ ቢያቆይም ዘረመሉን ስለሚያበላሽ፣ አስቀድሜ ከጅራቱ ቆርጬ ንጹሕ አልኮል ውስጥ አስቀምጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰየመው አሚንታስ ዉሊነንሲስ የሚባለው የተራራ ትል በኋላ በዘረመል ሲፈተሽ፣ አንድ ዝርያ የተባለው ከአንድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ሜዳው ሥራ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ አልቅት ነው። አንድ ጥቁር ሴት መንገድ ዳር ተንበርክካ አፈር ስትገለብጥ ያየ የታይዋን ሽማግሌ ሞተሩን ያቆምና ዓሣ ልታጠምጂ ነው ወይ ይለኛል። እሺ ብል ይቀለኛል፣ ግን ማስረዳት እወዳለሁ።

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። አዲስ ዝርያ ነው ለማለት ከዚህ በፊት ከተጻፈው ሁሉ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ታይዋን ውስጥ ሜታፊሬ ፎርሞሴ የሚባል ግዙፍ ትል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የሰየመው የሃምቡርጉ የትል ተመራማሪ ሚካኤልሰን ነው። የሰውየውን ሥራዎች ስከታተል አንድ እ.ኤ.አ. የ1903 ጽሑፍ ላይ ደረስኩ። ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ትሎች ነው። ኖይማን እና ኤርላንገር የሚባሉ ጀርመናውያን በምኒልክ ዘመን አገራችንን ሲያቋርጡ የሰበሰቡት! ጀርመንኛ በተርጓሚ መተግበሪያ እያነበብኩ፣ ታይዋን ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የአገሬን ትል ከሃምቡርግ ሰው ሰማሁ። የዚያን ቀን እንጀራ አልናፈቀኝም፣ ንዴት ነው የያዘኝ። የኛን ከባዕድ ላይ ማንበቡ ብቻ አይደለም ያናደደኝ። ታይዋኖቹም እንደዚሁ ጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የራሳቸው ልጆች ቆፍረው የሚታወቁትን ዝርያዎች ከእጥፍ በላይ አድርሰዋል። እኛ መሬቱም ተራራውም አለን።

የት ይቆፈር? የአራት ኪሎና የፒያሳ አዳዲስ የአበባ መደቦች ያምራሉ፣ ትልም አይጠፋባቸውም፣ ግን ትል ከችግኝ አፈር ጋር ይጓዛል። ታይዋን ቆላው ላይ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ፖንቶስኮሌክስ የሚባል ትል እርሻውን ወርሶት የአገሬውን የምናገኘው ጫካ ስንወጣ ነው። እዚህም ያልተነካ አፈር ያስፈልጋል። ያረጀ የአበሻ ጽድ ያለበት ደብር ግቢ አሰብኩ። አክስቴ "መቃብር ልትቆፍሪ? በይ እኔን ሳትቀብሪኝ!" ብላ አባረረችኝ።

ስለዚህ ሥራውን ለልጇ ሰጠሁት፣ ባዮሎጂ ተማሪ ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ የደብሩን አስተዳዳሪ ያስፈቅዳል፣ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ይቆፍራል፣ መቀነት ያለውን ብቻ ያነሳል፣ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይከታል። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል። ታይዋን ላክልኝ አላልኩትም፣ ትሉ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ሳይንስ ፋኩልቲው እንደሆነ ከአክስቴ ቤት በእግር ነው።