የአስጎብኚነት ፈተና ለምትወስዱ፦ ፈሊጥ በነጠላ ቃል አትሸምድዱ

ጎንደር ላይ ለአስጎብኚነት ፈተና እየተዘጋጃችሁ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። እኔን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

ታሪኩ አይከብድም። ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን እየዞርኩ አጠናሁ። ፎርም ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ አለቀ። እስካሁን የሚያናድደኝ የእንግሊዝኛው የቃል ፈተና ነው።

የተሰጠን ማጥኛ ወረቀት «ሊቭ ሰምዋን ኢን ዘ ለርች» ለሚለው ፈሊጥ ፍቺ ብሎ ያስቀመጠው «መተው» የምትል አንዲት ቃል ነው። አሠልጣኙም «እንዳለ ሸምድዱት» አሉን። እኔ ግን አልተዋጠልኝምና መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። «ለርች» የመጣው ከአንድ የድሮ የፈረንሳይ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ክፉኛ የተሸነፈው ተጫዋች «ለርች ገባ» ይባል ነበር። ፈሊጡ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝኛ ውስጥ አለ። ትርጉሙም ሰው አጥብቆ በሚፈልግህ ሰዓት ጥለኸው መሄድ ነው። እኛ «ሜዳ ላይ ጣለኝ» እንደምንለው።

ፈታኙ «በሥራ ላይ የገጠመህን ችግር ንገረኝ» አሉኝ። ረዳት ሆኜ ስሠራ የሆነውን አወራሁ። ሰሜን ተራሮች ደርሰን ስንመለስ ሹፌሩ የተሻለ ክፍያ አገኘና እኔንና እንግዶቹን ደባርቅ ላይ ጥሎን ሄደ። ሲመሽ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን! «ሂ ሌፍት አስ ኢን ዘ ለርች» አልኩ።

«ወረቀቱ መተው ነው የሚለው። ሥራውን ተወ ለማለት ከሆነ ተሳስተሃል» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ በችግራችን ሰዓት ከዳን ማለቴ ነው» ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ነጥብ ተቀነሰብኝ። ሆቴል አድርሶን በሰላም የተሰናበተ ሹፌርም እኮ ትቶን ሄዷል! እሱና ያ ከሃዲ እንዴት እኩል ይሆናሉ? ፈሊጡ የተፈጠረው ለዚያኛው ነው። ትክክል ነበርኩ፣ ዛሬም ትክክል ነኝ።

ስለዚህ ምንም ቢሏችሁ ፈሊጥን ከነሁኔታው አጥኑ። የተካደው ሰው መሃል ላይ ይገባል፦ «ሌፍት ሚ»፣ «ሌፍት ሄር»፣ ከዚያ «ኢን ዘ ለርች»። «ሌፍት ሚ ሃይ ኤንድ ድራይ» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ውሃው ሸሽቶት ደረቅ ላይ ከቀረ መርከብ የመጣ። «ስሮው ሰምዋን አንደር ዘ በስ» ግን ሌላ ነው፤ ራስን ለማዳን ሌላውን አሳልፎ መስጠት ነው። አታምታቷቸው።

ነጥብ ከተቀነሰባችሁ ደግሞ ምክንያቱን እዚያው ክፍል ውስጥ በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ በማግስቱ ቅሬታ ይዤ ስሄድ «ትናንት ምን አፍህን ያዘው?» ነው የተባልኩት።