ስህተቱን ሰሌዳ ላይ አትጻፉት

የ3ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ሰው ቀድሞ አስጠንቅቆኝ ቢሆን ኖሮ ወር ሙሉ ባልለፋሁ ነበር።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «አበባ መጣች» እና «አበባ ገዛሁ» ስንል ልጅቷን ከአበባው የምንለየው በሐሳቡ ነው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ስምና የዓረፍተ ነገር መነሻ የሚጀመርበትን ትልቁን ፊደል (ካፒታል ሌተር) የሚዘነጉት ሰንፈው አይደለም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይተውት ስለማያውቁ ነው። ሕጉን አስጻፍኩ፣ አስደገምኩ። በቃላቸው ይሉታል፤ ሲጽፉ ግን የለም።

እንግዲያው ራሳቸው ያርሙ አልኩ። ሰሌዳው ላይ «ሰላም ኤንድ አይ ዌንት ቱ ጎንደር ኦን ሰንደይ» (ሰላምና እኔ እሑድ ጎንደር ሄድን) የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ጻፍኩት። ጠመኔውን ልሰጣቸው ዞር ስል ክፍሉ በሙሉ አጎንብሶ ይገለብጣል! ሰሌዳ ላይ ያለ ሁሉ ትክክል ነው ብለን ያስለመድናቸው እኛው ነን። ሳናርመው ደወል ተደወለ።

በማግስቱ አንዲት እናት ደብተር ይዘው መጡ። «መምህር፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ እንኳ ጎንደር በትልቁ እንደሚጀመር አውቃለሁ» አሉኝ። አፈርኩ። ያኔ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። በዚያው ሳምንት ደግሜ ስጽፍ ሱፐርቫይዘሩ ገባ። በር ላይ ቆሞ ሰሌዳውን አየ፣ ፎርሙ ላይ «የፊደል ስህተት ታይቷል» ብሎ ሞላና ወጣ። አምስት ደቂቃ ቢታገስ ልጆቹ ተራ በተራ ወጥተው ሲያርሙ ያይ ነበር። ላስረዳው ብከተለው «ፎርሙ ተሞልቷል» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነው። ለእያንዳንዱ እርማት ነጥብ ሰጠሁ። ልጆቹም ነጥብ ፍለጋ «ዌንት»ንም «ኦን»ንም በትልቁ አደረጓቸው።

አሁን ጽሑፉን በቁራጭ ወረቀት አድላለሁ፤ ከላዩ «አርሙኝ» የሚል አለበት። ቀዩን እስክሪብቶ የሚይዙት ልጆቹ ናቸው። «አራት ስህተት አለ» ብዬ ቁጥሩን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ያለ ቦታው ትልቅ ያደረገ ነጥብ ይቀነስበታል። ሕጎቹን በሙሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሱ ይሉናል፤ እኔ አልሰማም። በሳምንት አንድ ሕግ ይበቃል። መጀመሪያ የራሳቸው ስም፣ ከዚያ የዓረፍተ ነገር መነሻ፣ ከዚያ ቀንና ወር። ክረምትና በጋ በትንሹ እንደሚጻፉ የምነግራቸው ቀንና ወሩን ከለመዱ በኋላ ነው።

ያልጠበቅኩት «አይ» ላይ መጣ። አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኔ የሚለው ትልቅ ሆኖ አንተ የሚለው ለምን ትንሽ ይሆናል? ነውር አይደለም?» እውነቱን ነው፤ እኛ የምናከብረው ሌላውን ነው። ብቻዋን የቆመች ቀጭን ፊደል ጽሑፍ መሐል እንዳትጠፋ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ቁጭ አለ። ወረቀቱን ስሰበስብ «አይ»ን በትልቁ አርሞ፣ ዙሪያዋን በቀይ አጥሯታል።