ከጀርባው የሚጀመር ጌጥ

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የጎጃምን መንገድ የያዘ መንገደኛ እንጦጦን ሲሻገር ሳያስተውለው የውኃ መለያውን ያልፋል፤ ከጋራው በስተ ደቡብ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በስተ ሰሜን የሚወርደው ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ባሕር ዛፉ ሲያበቃ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ከሚኒባሱ ወርጄ የድርቆሽ ክምር ያለባቸውን ግቢዎች ካለፍኩ በኋላ የጌጣጌጥ ንድፍ ሠሪዋን ቤት አገኘሁት። እዚህ የሰፈረችው የቤት ኪራይ ስለሚረክስ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የተማረችው ሥነ ሕንፃ ቢሆንም ሙያው ከቤተሰቧ የመጣ ነው። አያቷ ወሎ ውስጥ ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ ሆኖም "ጠይብ" የሚለው ስድብ እንዳይከተላቸው ልጆቻቸውን ከወናፉ አርቀው አሳደጉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውንም ሆነ ሸማ የሚሠራውን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ግን እስከ አያቷ መንደር ድረስ የዘለቀ አይመስልም። በእኔ አስተያየት፣ የጥንቱን የብር መስቀል እያደነቅን የሠሪውን ስም ሳንጠይቅ የምናልፈው ከዚሁ ንቀት የተረፈ ልማድ ይዞን ነው።

ከሴት አያቷ የወረሰችው ደግሞ ጆሮ ተበይዶለት በአንገት ይንጠለጠል የነበረ ጠገራ ብር ነው። የቀድሞ አንጥረኞች አቅልጠው የሚሠሩበት ይህ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በተመቱትም ሁሉ ላይ 1780 የሚለው ዓመት ስለሚታተም ዕድሜውን ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። ንድፍ ሠሪዋ ግን የምታነበው ሌላ ነገር ነው፦ ለሰው የሚታየው ፊት ምስሉ እስካሁን ጎልቶ ሲታይ፣ ደረት ላይ ያርፍ የነበረው ፊት ግን ተፍቆ ለስልሷል። ንድፍ ስትጀምር መጀመሪያ የጌጡን ጀርባ የምትሥለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ቆዳ የሚነካው የትኛው ክፍል እንደሆነና መቆለፊያው የት እንደሚያርፍ ሳትወስን ወደ ፊቱ አትዞርም።

አብረዋት የሚሠሩት አዛውንት ብሩን በመዶሻ ሲያሳሱት እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ እንዳይሰነጠቅ ደጋግሞ በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል። "ጋሼ፣ አንዴ ደግሞ ያሙቁልኝ" ትላለች፤ እርሳቸውም "ቸኮልሽ እኮ" እያሉ ወደ እሳቱ ይመልሱታል።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን የኦፓል ነገር ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ገበያ የታወቀው፣ ወሎ ውስጥ የሚገኘው የወገል ጤና ኦፓል ውኃ የሚመጥ ድንጋይ ነው። አንዱን ፍሬ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው፤ ቡናው ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስ፣ አረንጓዴና ቀይ ሲያብረቀርቅ የነበረው ድንጋይ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ሆነና ቀለሙ ደበዘዘ። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ ዘይትና ወጥ ሲጠጣ ግን እንደ ውኃው በቀላሉ አይለቅም። "እጃችንን ታጥበን በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ታዲያ ይህን ድንጋይ ጣት ላይ ማድረግ ምን ይባላል?" አለችኝ። ስለዚህ ኦፓልን ለጆሮና ለአንገት ጌጥ እንጂ ለቀለበት አትሠራውም፤ የግድ ቀለበት ካልሆነ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ወደ ሌላ ሠሪ ትልካለች። ለበዓል ብቻ የሚደረግ ቀለበት መሥራት እንደሚቻል ስነግራት፣ "ለበዓል ነው እጃችን ወጥ ውስጥ የሚውለው" ብላ ሳቀች። መልሷ ቢያስቀኝም አላሳመነኝም፤ አውልቆ መብላትን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል።

በመጨረሻ ለእህቴ የጆሮ ጌጥ አዘዝኩ። ስለ ቀለምና ስለ ቅርጽ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ "እህትሽ ነጠላ ታዘወትራለች?" አለች። አዎን ስላት፣ ክፍት መንጠቆ የነጠላውን ድር እየያዘ እንደሚጎትት ገልጣ፣ ከጀርባ ተጠማዞ የሚዘጋ ለስላሳ መቆለፊያ ሣለች። የኦፓሉን መጠን የመረጥነው ከዚያ በኋላ ነው።