«ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ብዬ ያሰረዝኩት ቀዶ ሕክምና

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በግሌ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆኜ ስጀምር ማንም ስለ ሰዓት አላስጠነቀቀኝም። ይህን የምጽፈው ከኋላዬ ለሚመጣው ሰው ነው።

መግቢያው ቀላል ነው። የ40 ሰዓት ሥልጠና ወሰድኩ፤ ሲ.ሲ.ኤች.አይ. (CCHI) የተባለው፣ ለጤና አስተርጓሚዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የአሜሪካ ተቋም የሚያዘጋጀውን ፈተና አለፍኩ። 100 የምርጫ ጥያቄ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። አማርኛዬን የፈተነኝ የለም። ከዚያ ከአንድ አስተርጓሚ አቅራቢ ድርጅት ጋር ተዋዋልኩ። ግብሬን በየሩብ ዓመቱ ራሴ እከፍላለሁ። ይኸው ነው።

በስድስተኛው ወር የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ አንዲት እናት ተመደብኩ። ነርሷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጾማቸውን እንዲያድሩ አዘዘች። ሰመመን ሲሰጥ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ትእዛዙ የዋዛ አይደለም። «ጾም» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ተውኩት። «ጾመው ይምጡ» የተባሉ ታካሚ ሽሮ በልተው መምጣታቸውን ከአንድ ባልደረባዬ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ «ውኃም ቢሆን ወደ አፍዎ እንዳይገባ» አልኳቸው፤ በራሴም ኮራሁ። እዚያ ላይ ስጠነቀቅ ሰዓቱን «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ» ብዬ አለፍኩት።

አማርኛው ስህተት የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ማንም እንዲህ ይላል። እኚህ እናት ግን አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ ስልካቸውም እሳቸውም የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ነርሷ «ገብቶዎታል?» ስትል «እሺ ልጄ» አሉ። እኔም እሺታቸውን ተርጉሜ ወጣሁ።

በቀጠሮው ጠዋት የተመደብኩት ራሴው ነበርኩ። ነርሱ መጨረሻ የበሉት መቼ እንደሆነ ጠየቀ።

«አምስት ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ ቀመስኩ» አሉ።

የማታውን አምስት ሰዓት እንዲሉ ጸለይኩ። ያ ቢሆን ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሆነ ምንም አልነበረም። ማብራሪያ ልጠይቅ መሆኑን ለነርሱ ነግሬ «የማታውን ነው የጠዋቱን?» አልኳቸው።

«የዛሬ ጠዋት ነዋ! አንተው አይደለህ እንዴ ከስድስት በኋላ ነው የማይሆነው ያልከኝ?»

አስተርጓሚ የተባለውን ሁሉ ሳይቀንስ፣ በተናጋሪው «እኔ» ሆኖ ያስተላልፋል። ስለዚህ ራሴን በራሴ አፍ ከሰስኩ፤ «አስተርጓሚው ከስድስት በኋላ ነው የማይሆነው ብሎኛል» አልኩት በእንግሊዝኛ። ከዚያ የእኛ ሰዓት ከነሱ በስድስት ሰዓት እንደሚለይ፣ ሁለታችንም ስለየትኛው እንደምናወራ እንዳልተግባባን አስረዳሁ። ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ። ልጃቸው ከሥራ ቀርታ ነበር ያመጣቻቸው። አዲሱ ቀጠሮ የተሰጣቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሕመሙን ይዘው ሊቆዩ። ሲወጡ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«እኩለ ሌሊት» ብል ኖሮ ያልቅ ነበር። የነርሷም ቃል ያው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ እያለ ለምን ወደ ቁጥር እንደቀየርኩት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከሁለት ቀን በኋላ ድርጅቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከልኝ። ያናደደኝ መወቀሴ አይደለም፤ የተወቀስኩበት ነገር ነው። ስለ ተሳሳተው መልእክት አንድ መስመር የለም። ጥፋቴ ተብሎ የተጻፈው ለነርሱ የሰዓቱን ልዩነት ማስረዳቴ፣ «ከአስተርጓሚ ሚና መውጣቴ» ነው። ሥልጠናው ግን ያስተማረን አለመግባባት ሊፈጠር ሲል ማቆምና ለሁለቱም ወገን በግልጽ መናገርን ነበር። «ጣልቃ አትግቡ» የሚሉን ድርጅቶች ስለ ታካሚው ሳይሆን ስለ ራሳቸው ደንበኛ ነው የሚጨነቁት፤ አትስሟቸው።

አሁን ሰላምታ እንደተለዋወጥን «ሰዓት የሚያዩት በአበሻ ነው በፈረንጅ?» እላለሁ፤ ምን እንደጠየቅኩም ለሐኪሙ ወዲያው በእንግሊዝኛ እነግረዋለሁ። የመድኃኒት ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም እጠራለሁ። ታካሚው የተባለውን በራሱ አፍ እንዲደግም ሐኪሙን እጠይቃለሁ። ዓመተ ምሕረትም ያው ነው፤ «በ2008 ነው የታመምኩት» የሚል ሰው በፈረንጅ 2015 ወይም 2016 ማለቱ ሊሆን ይችላል። በሆዴ አላሰላም፣ እጠይቃለሁ። ለጀማሪ ደግሞ በደቂቃ የሚከፈል የስልክ ሥራ አልመክርም፤ የታካሚው «እሺ» ከልብ ይሁን ከይሉኝታ ፊቱን ሳያዩ ለመለየት ብዙ ልምድ ይጠይቃል።

የእኚያ እናት ቀዶ ሕክምና ሲደርስ የተመደበው ሌላ አስተርጓሚ ነው። በሰላም ወጥተው እንደሆነ ድርጅቱን ጠየቅኩ። የታካሚ ምስጢር ነው ተባልኩ። ልክ ናቸው፣ ምስጢር ነው።