የመኪናዬን የዓመት ማይል እንዴት አሰላሁት

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ለማወዳደር ስደውል ኤጀንቷ ሁሉን ጠይቃ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ በዓመት ስንት ማይል ትነዳለህ?» አለችኝ። ዝም ስል ልትገላግለኝ ፈልጋ፣ «12 ሺህ ብዬ ልሙላው?» አለች። ነገ ልደውልልሽ ብዬ ዘጋሁት።

ብዙ የሚነዳ ሰው ለአደጋ የበለጠ ስለሚጋለጥ ቁጥሩ ክፍያው ውስጥ ይገባል። ካሊፎርኒያማ በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 103 የዓመት ማይልን ከአነዳድ ታሪክ ቀጥሎ ሁለተኛው ዋና መመዘኛ አድርጎታል። እኛ ጋ ግን ክብደቱ እንደየኩባንያው ይለያያል።

መጀመሪያ የሥራ መንገዴን አሰላሁ። ከቤት እስከ ሥራ 11 ማይል ነው፤ ደርሶ መልስ 22። በሳምንት 5 ቀን፣ ዕረፍት ተቀንሶ 48 ሳምንት፦ 5,280 ማይል። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን የሐበሻ መኪና መቼ ለሥራ ብቻ ይነዳና! እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። አሌክሳንድሪያ ለቅሶ፣ ፍሬደሪክ ክርስትና አለ። ዘመድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ደለስ ሲያርፍ «መኪና ያለው እሱ ነው» ይባላል፤ ደርሶ መልስ ወደ 60 ማይል። ይህን ሁሉ በግምት መደመር የማይሆን ነገር ነው።

ስለዚህ ግምቱን ትቼ ደረሰኝ ፍለጋ ገባሁ። ጋራዥ ዘይት ሲቀየር ቀኑና የማይል ቆጣሪው ንባብ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል። አንዱ ላይ 48,210፣ ከ10 ወር በኋላ በተቆረጠው ላይ 57,350 አገኘሁ። ልዩነቱ 9,140 ነው። በወር 914፣ በዓመት ደግሞ 11 ሺህ ገደማ ይመጣል። ከሥራው መንገድ እጥፍ ማለት ነው። ደረሰኝ የጣለ ሰው መኪናውን ሲገዛ በፈረመው ወረቀት ላይ የነበረውን ንባብ አሁን ካለው ጋር ማነጻጸር ይችላል። ሁለቱ ንባቦች በጣም ከተቀራረቡ ግን ስሌቱን አልተማመንበትም፤ አንድ የበጋ ጉዞ ብቻውን ያዛባዋል።

ኩባንያው የሚጠይቀው ደግሞ ስለሚመጣው ዓመት ነው። ባለፈው በሰሜን አሜሪካ ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን ዓመታዊ የኳስ ውድድር አትላንታ ድረስ ነድተን ነበር፤ ብቻውን 1,300 ማይል ገደማ። ውድድሩ ከተማ ስለሚቀያይር ያንን ቀነስኩ። ልጄ ደግሞ ባልቲሞር ኮሌጅ ልትገባ ነው። እሷን ማመላለሱ ያንኑ ያህል መልሶ ጨመረው። 11 ሺህ ላይ ጸናሁ።

እስከዚህ ድረስ የኤጀንቷ 12 ሺህ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ለውጡ የመጣው በባለቤቴ መኪና ነው። እሷ ሥራ የምትሄደው በሬድ ላይን ባቡር ነው። የመኪናዋ ደረሰኞች በዓመት 4 ሺህ እንኳ የማይሞላ ነው ያሳዩት። ኤጀንቷ እሷንም 12 ሺህ ብላ ልትሞላ ነበር! ክፍያው የቀነሰው በዚህኛው ነው። በነዱት ማይል ልክ የሚከፈልበት ኢንሹራንስም እንዳለ ነገረችን። አንዳንዶቹ መኪናው ላይ መቁጠሪያ መሣሪያ ያስገጥማሉ። ባለቤቴ «መኪናዬ ላይ ሰላይ አላስቀምጥም» አለችና ተወነው።

«ዝቅ አድርገህ ንገራቸው፣ ማን ያውቃል?» ያለኝ ጓደኛም አለ። ማወቅ ግን አይከብዳቸውም። አንዳንድ ኩባንያ ኢንሹራንሱ ሲታደስ የቆጣሪ ፎቶ ይጠይቃል፤ አደጋ ሲደርስም ንባቡ ይመዘገባል። ሆን ብሎ የተዋሸ ቁጥር ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ጣጣ ያመጣል። በቅን ልቦና ገምቶ ትንሽ መሳት ግን ሌላ ነገር ነው።

ኡበር ወይም ምግብ ማድረስ ለሚሠሩ ጉዳዩ ከማይልም ያልፋል። ተራ የግል ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አፑ ክፍት ሆኖ የሚደርስ አደጋን አይሸፍንም። ትርፍ ሰዓት ብቻ ነው የምሠራው ብላችሁ አትዝለሉት። ለኤጀንታችሁ ነግራችሁ ለሥራው የሚሆነውን ተጨማሪ ሽፋን አስገቡ።